መስመሩ ተቋርጧል ያልኩበት ቀን

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ከቤት ታስወጣኛለች፤ አልፈርድባትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ የልጅ ልጃችንን አበላል እንደ ኳስ ጨዋታ ሳስተላልፍ ሰምታኝ፣ "አብርሃም፣ ወይ ብላ፣ ወይ ውጣ" አለችኝ። ወጣሁ።

የምሄደው ወደ ስታዲየሙ አጥር ነው። እዚያ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር የክለባችን ደጋፊዎች ይሰበሰባሉ። ዳኛ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ክርክር ብቻ አለ። ባለፈው ሳምንት የተያዘው ክርክር ክለቡ ከተስፋ ቡድን ስላሳደገው አዲስ ልጅ ነበር። በየዓመቱ ክረምት ላይ ከታዳጊዎቹ መሃል ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ወደ ዋናው ቡድን ይገባሉ፤ ከተማው ደግሞ ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል ስለ እነሱ ያወራል። ይኼኛው ልጅ ገና አንድ ጨዋታ አልተሰለፈም። የባጃጅ ሾፌሩ ደስታ ግን በስልኩ የአሥራ ሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ይዞ መጥቷል። በአሥራ ሰባቱ ሰከንድ ውስጥ ልጁ ሁለት ሰው ያልፋል፣ ኳሷ ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ቪዲዮው ያልቃል።

"ይኼ ልጅ እዚህ ሁለት ዓመት አይቆይም። አውሮፓ ነው የሚወስዱት" አለ ደስታ።

"ኳሷ እኮ ወጣች" አለ ከድር። ከድር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሱቁን ለወንድሙ እየተወ ዛፉ ሥር የሚውል የሃምሳ ዓመት ሰው ነው።

"ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ መንገዷ ላይ ስለቆመ ነው።"

አንድ ወጣት ደግሞ ስለዚሁ ልጅ የአርባ ደቂቃ ትንታኔ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ እንደለቀቀ ነገሩኝ። ከአሥራ ሰባት ሰከንድ አርባ ደቂቃ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቅኩ። "ደጋግሞ ያሳየዋል" አሉኝ።

"ጋሽ አብርሃም፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለኝ ደስታ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"አላየሁትም።"

"እንዴ፣ ቪዲዮውን አሁን አሳየሁዎት አይደል?"

"ቪዲዮውን አየሁ። ልጁን አላየሁትም።"

ደስታ ሳቀና፣ "ገና እያጣራን ነው በሉና" አለ። ሁሉም አብረውት ሳቁ። ይህን አባባል ሐዋሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ባጃጅ ሲቆም፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ፣ ሙሽራ ሲዘገይ "ገና እያጣራን ነው" ይባላል። ደስታ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አባባሉ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ ሰው የሚያስታውሰውም እሱን ብቻ ነው። ብድግ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩና የልጅ ልጄን ደብተር ወስጄ መጻፍ ጀመርኩ።

ሬዲዮ ጣቢያው የገባሁት በጋዜጠኝነት አልነበረም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራዬ ለጋዜጠኞች መቅረጫና ባትሪ ድንጋይ እያስፈረሙ መስጠት ነው። ስፖርት ክፍል የሚባለው አንድ ሰው ነበር፣ ጋሽ ታደሰ። መመሪያው "አሮጌው ድንጋይ ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም" ይላል፤ ጋሽ ታደሰ አሮጌውን አይመልስም። አንድ ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ "ና፣ የት እንደማደርጋቸው ላሳይህ" ብሎ ከጣቢያው ጀርባ ወሰደኝ። አሮጌዎቹን ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እያሞቃቸው ደርድሯቸዋል።

"ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ለልምምድ ቀን እነዚህ ይበቃሉ፣ አዲሱ ለጨዋታ ነው" አለኝ።

በዚያው ቀን መቅረጫውን ተሸክሜ አብሬው ስታዲየም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ንብረት ክፍል የተመለስኩት ለርክክብ ብቻ ነው። ደመወዙ ያው ሆነ፤ የበዛው የአበል ፎርም ነው።

ጋሽ ታደሰ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐዋሳ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። የማያወልቀው ለብርድ ሳይሆን ለኪሱ ሲል ነው። አዲስ ተጫዋች ለማየት ሲሄድ ሃያ ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ቆጥሮ በግራ ኪሱ ይይዛል። ልጁ ኳስ በከንቱ ባስነጠቀ ቁጥር አንዷን አውጥቶ ይቆረጥማል። ጨዋታው ሲያልቅ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ይቆጥራል፤ የልጁ ውጤት ያ ነው። አንድ ጊዜ የክለቡ ወጌሻ ስለ አንድ በብዙ ወሬ ስለመጣ አጥቂ ጠየቀው። ጋሽ ታደሰ "ዛሬ ምሳ አያስፈልገኝም" ብሎ አለፈ። አጥቂው በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ።

እንዴት እንደሚታይ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ኳሷን አትይ" ይለኝ ነበር፤ "ኳሷን ሁሉም ሰው ያያታል። አንተ ልጁን እይ።" ኳሷ በሌላኛው ጫፍ ስትሆን ልጁ ምን ያደርጋል? እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል ወይስ አንገቱን እያዞረ ከኋላው ማን እንዳለ ይፈልጋል? ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ እግሩ ለጊዜው እንቢ ቢለውም ይማራል፤ አንዴም የማያይ ግን እግሩ ወርቅ ቢሆን አይረባም ይል ነበር። የክብር ወንበር ላይ አይቀመጥም። "ከዚያ ጠርቶ የሚታየው ለስላሳ የሚያዞረው ልጅ ነው" ይላል። የሚቆመው የማዕዘን ምት በሚመታበት ጥግ ነው፤ ከዚያ የተጫዋች ትንፋሽ ይሰማል። እኔም ከጎኑ ቆሜ፣ ስንት ዓመት ያየሁትን ጨዋታ ከዚያ ጥግ እንደ አዲስ አየሁት።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረው፣ የማይነካ። "ሦስት ጊዜ ሳታየው የልጅ ስም በሬዲዮ አትጥራ። አንዴ በፀሐይ፣ አንዴ በጭቃ፣ አንዴ ቡድኑ እየተሸነፈ።" እኔ አንዳንዴ ሁለቱ ይበቃሉ ብዬ ልከራከረው ስሞክር፣ "አንተን ንብረት ክፍል ብቻ አይቼህ ቢሆን ምን እል ነበር?" ይለኛል።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ወረስኩ። ሽምብራውን አልወረስኩም፤ ጥርሴን ሰበብ አደረግኩ። የፕሮግራም ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ደግሞ ሰዓት እንጂ ኳስ የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ፕሮግራም ጥሩ መሆኑን የሚያውቀው ስልኩ ሲጮህ ነው። "አብርሃም፣ ሦስት ጊዜ እስክታይ ድረስ ሌላው ጣቢያ አሥር ጊዜ ያወራል" አለኝ። በክረምት ወራት ዘወትር አሥር ሰዓት ላይ ስለ አዳዲሶቹ ተጫዋቾች የሚወራበት፣ አድማጭ እየደወለ የሚከራከርበት ፕሮግራም ከፈተልኝ። ስልኩ ጮኸ። እኔም ቀልደኛ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ ልጅ ላይ አንድ ቀልድ ጣል ሳደርግ በማግስቱ ገበያ ውስጥ ሲደገም እሰማዋለሁ፤ ደረቴ ይነፋል። አሁን ሳስበው ያን ዘመን አላፍርበትም ብል ውሸት ነው።

ወደ ማቴዎስ ልምጣ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ማቴዎስ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር፤ የመዘምራን ኪቦርድ ተጫዋችም ነበር። ክለቡ ለሙከራ ከጠራቸው ዘጠኝ ልጆች መሃል በግራ መስመር የሚጫወተው እሱ ብቻ ነው። የስታዲየሙ ሣር ውሃ እየጠጣ ስለነበር ሙከራው የተደረገው ጉዱማሌ መናፈሻ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት። ልጁ ኳስ ሲደርሰው ይቆማል። ሲሮጥ ሌላው ያልፈዋል። በመሃል ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል። እረፍት ላይ ሌሎቹ ውሃ ሲጠጡ እሱ አናቱ ላይ ብቻ አፈሰሰው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ ታደሰ ቢሆን ኖሮ ሄዶ "ለምን አትጠጣም?" ብሎ ይጠይቀው ነበር። እኔ ለአሥር ሰዓቱ ፕሮግራም ቸኩዬ ባጃጅ ጠራሁ።

መንገድ ላይ ቀልዱ መጣልኝ። ማይኩ ሲከፈት በዜና ድምፅ፣ "በግራ መስመር የተሰለፈው ማቴዎስ እየሮጠ ይሁን ቆሞ ገና እያጣራን ነው፤ መረጃው እንደደረሰን እናቀርባለን" አልኩ። ከመስታወቱ ባሻገር ቴክኒሻኗ ሰላማዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አቶ ጌታሁን በሩን ከፍቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ማታ ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ሞተሩ እንቢ ሲለው "ገና እያጣራን ነው" አለ፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ። ኪራዩን ጨምሬ ከፈልኩት።

በሳምንቱ ክለቡ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። አሰልጣኙ ማቴዎስን ከእረፍት በኋላ አስገባው። ልጁ ኳስ በያዘ ቁጥር በጥላው በኩል የተቀመጠው ደጋፊ በአንድ ድምፅ "ገና እያጣራን ነው" ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ጥጉ ላይ ቆሜ ስለነበር ልጁ አጠገቤ መጣ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ። ያን ቀን ፈጣን ነበር፣ እግሩ መሬት አይነካም። ሕዝቡ ሲጮህበት ግን ኳሷን ቶሎ ለማንም ይገፋታል፤ እሳት የያዘ ይመስላል። ሁለተኛ ጊዜ ማየቴ ነበር፤ ከሙከራው ቀን ልጅ ጋር አልመሳሰል አለኝ። ቢሆንም ለማንም አልተናገርኩም።

የተጫዋች ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነበር። በዝርዝሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ ወይ ማቴዎስ ይመዘገባል፣ ወይ ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ። የደጋፊ ማኅበሩ ኮሚቴ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከአመራሩ ጋር ይሰበሰባል። አቶ ጌታሁን ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ "ማቴዎስ ይቆይ ወይስ ይሂድ?" ብለን መስመር እንድንከፍት አዘዘ።

ስልኩ አላረፈም። ከሐይቅ ዳር አንድ የሆቴል አስተናጋጅ ደውሎ፣ "ልጁ ጊዜ ይሰጠው፣ እኔም ሥራ ስጀምር ሳህን ሰብሬያለሁ" አለ። ከድር፣ ያው የዛፉ ሥሩ ከድር፣ ከሱቁ ደውሎ፣ "እኛ ብር ከፍለን የምንገባው ሩጫ ለማየት ነው፣ ይሂድ" አለ። ሌላው "ይሂድ"፣ ሌላው "ይሂድ"። ስድስተኛዋ ደዋይ ሴት ነበረች።

"እንደምን ዋላችሁ። ወይዘሮ አስቴር እባላለሁ። የማቴዎስ እናት ነኝ።"

ሰላማዊት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በደስታ፣ የአቶ ጌታሁንም ደስታ እየታየኝ፣ "እንኳን ደህና መጡ፣ ይቀጥሉ እናቴ" አልኩ።

"ልጄ ቀርፋፋ አይደለም። በሙከራው ቀን እህል ሳይቀምስ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ያን ዕለትማ ውሃም አልቀመሰም። ለሙከራው ብለን ቤተሰቡ በሙሉ ጾም ጸሎት ይዘን ነበር። ጾሙ የሚፈታው ማታ ነው፣ ከሙከራው በኋላ። ማታ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማለዳ እንፍታ ቢሉኝ ጌታን መሃል ላይ አናቋርጥም አልኩ። እና እርስዎንም..."

አናቱ ላይ የፈሰሰው ውሃ ዓይኔ ላይ መጣ። ከተማው በሙሉ እየሰማ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው "እርስዎንም እግዚአብሔር ይይልዎት" መሰለኝ፤ ቢሉም እውነት አላቸው። እጄ ብቻዋን ተነሳች። በእኛ ሙያ ጣትን አንገት ላይ ማሳለፍ "ቁረጪው" ማለት ነው። ሰላማዊት አመነታች። ደገምኩላት። ቆረጠችው።

"አድማጮቻችን፣ እንደምትሰሙት መስመሩ ተቋርጧል" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚያ ሙያ ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ይኼ ነው፤ ድምፅ ከልብ ተለይቶ መሥራት ይለምዳል። ከዚያ ሙዚቃ አስገባን።

ከጣቢያው ስወጣ ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ከነኮቱ። በሬዲዮ ሰምቶ በእግሩ ነው የመጣው።

"ስንት ጊዜ አይተኸዋል?" አለኝ።

"ቀልዱን ስናገር አንዴ። አሁን ሁለቴ።"

"መስመሩ አልተቋረጠም፣ አይደል?"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ስብሰባው አሁን ነው፣ ስልክ ደውልላቸው። ሕዝቡ ደግሞ ነገ ከአፍህ ይስማ" ብሎኝ ሄደ። ተመልሼ ገባሁ። አቶ ጌታሁን ጋ ሄጄ ማስተካከያ ማንበብ እፈልጋለሁ አልኩት። "አብርሃም፣ ማስተካከያ ማለት ሕዝቡ የረሳውን ማስታወስ ነው። ደግሞ ዛሬ ስንት ስልክ እንደመጣ አይተሃል?" አለኝ። ይህን ምክንያት የተቀበልኩት ግድ ሆኖብኝ አይደለም። እፎይ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ለኮሚቴውም ሳልደውል ቀረሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ማቴዎስ የለበትም።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ ላይ መስመር በእውነት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠብኝ አልቆጥረውም። በተቋረጠ ቁጥር ሰላማዊት ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔም ሁለት እጆቼን አንስቼ አሳያታለሁ። ሁለታችንም ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረን አናውቅም።

ማቴዎስ ሌላ ከተማ ሄዶ በታችኛው ሊግ መጫወት ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ቡድኑ ወደ ዋናው ሊግ አደገና ሐዋሳ መጣ። ጨዋታውን በቀጥታ የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። በሰባኛው ደቂቃ ላይ ማቴዎስ በግራ መስመር ሦስት ሰው ጥሎ ግብ አገባ። የሬዲዮ ሥራ ለማያይ ሰው ማየት ነው፤ ስም መጥራት ግድ ነው። እኔ ግን "ግብ አስቆጣሪው የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ነው" አልኩ። ደግሞ "የግራ መስመር ተጫዋቹ" አልኩ። ደግሞ "ቁጥር አሥራ አንድ" አልኩ። ያን ቀን ስሙን ሳልጠራ ሃያ ደቂቃ ማስተላለፌ በአገሪቱ ሬዲዮ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታው ሲያልቅ ዛፉ ሥር ከድር መሃል ላይ ቆሞ፣ "እኔ ያኔ ብዬ ነበር። ይኼን ልጅ አትልቀቁት ብዬ ደውዬ ነበር" ይላል። የዚያን ሐሙስ ፕሮግራም የተቀዳበት ካሴት እኔ ጋ አለ። አላወጣሁበትም፤ በምን አፌ?

ጋሽ ታደሰ ሲታመም ልጠይቀው ሄድኩ። ስለ ብዙ ነገር አወራን፤ ስለ ባትሪ ድንጋይ፣ ስለ አበል ፎርም፣ ስለሞቱ ግብ ጠባቂዎች። ልሰናበት ስል "ተናገርክ?" አለኝ። "እናገራለሁ" አልኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘሁትም። ያለቀስኩት ቀብሩ ላይ አይደለም፤ ቤቴ ገብቼ "እናገራለሁ" ያልኩት ትዝ ሲለኝ ነው።

የመጨረሻውን ፕሮግራሜን ለዚሁ አዘጋጀሁት። አንድ ገጽ ጻፍኩ። "በስንብቴ ቀን አንድ ማስተካከያ አለኝ" ብሎ የሚጀምር። ፕሮግራሙ ሠላሳ ደቂቃ ነው። አዲሱ ኃላፊ መክፈቻ ንግግር አደረገ፤ ስምንት ደቂቃ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ "በአጭሩ" ብሎ ጀመረ። ሰላማዊት ሳታስበው አለቀሰችና ሙዚቃ ገባ። የክለቡ አሰልጣኝ በስልክ አመሰገነኝ፤ የእሱ መስመር ሊቋረጥ አልቻለም። ወረቀቱን ሳነሳ የሰዓቱ ዜና መግቢያ መጣ፤ ዜና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ኬክ ተቆረሰ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ጡረተኛ ሆኜ ወጣሁ።

ደብተሩ ላይ እዚህ ደርሼ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ደስታ ዛፉ ሥር ስለዚያ አዲስ ልጅ የተናገረውን አስታወስኩ። ያ ልጅም እናት አለችው። በማግስቱ ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ።

ማቴዎስ አሁን ባህል አዳራሽ አካባቢ የስፖርት ዕቃ ሱቅ አለው፤ ማልያ ላይ ቁጥርና ስም ያትማል። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ በዚያ መንገድ አልሄድም፤ ለባለቤቴ የማሳብበው በአቧራው ነው። ስገባ ማልያ እየተኮሰ ነበር። ወዲያው አወቀኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት። ጣቴን አንገቴ ላይ እንዴት እንዳሳለፍኩ ሳይቀር አሳየሁት። ማተሚያውን አጠፋ።

"ጋሽ አብርሃም፣ እኔ ተጫውቻለሁ" አለኝ። "ተናድጄብዎት ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን ተጫውቼ ወጣልኝ። እናቴ ናት ያልወጣላት። ጾሙን ማለዳ ብፈታው ኖሮ ልጄ ከከተማው አይወጣም ነበር ትላለች። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ራሷ ላይ ነው የምታደርገው።"

"ለእሳቸው ልንገራቸው?"

"እኔ ብነግራት አታምነኝም። ይምጡ።"

ሱቁን ዘግቶ በባጃጅ ወሰደኝ። ወይዘሮ አስቴር ሳሎን ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ፊቴን ሳያዩ አወቁኝ። "የሬዲዮው ሰውዬ" አሉ። ይቀመጡ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ወረቀቱ ኪሴ ነበር፤ ሳላወጣው ነገርኳቸው። ልጅዎን አንዴ ብቻ አይቼ ቀለድኩበት፣ ጥፋቱ የጾሙ ሳይሆን የእኔ ነው፣ ሲደውሉም መስመሩ አልተቋረጠም፣ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የታዘዘልኝ ድምፅ መሃል ላይ ጠፋብኝ።

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስልኩ ደህና ነበር ማለት ነው?" አሉ።

"ደህና ነበር።"

"ተበላሽቷል ብዬ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ቴሌ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጮህኩባቸው። አንዷን ልጅ አስለቅሻታለሁ።" ወደ ማቴዎስ ዞሩ። "ያችን ልጅ አፈላልገህ ይቅርታ ትጠይቅልኛለህ።" ማቴዎስ እሺ አለ። ሳቁን እንደያዘ ያስታውቅ ነበር፤ እናቱ ግን አልሳቁም፣ እኔም አልደፈርኩም።

"ጾሙ አይደለም ነው የሚሉኝ?" አሉ ቀስ ብለው።

"አይደለም እማማ። አንድ ቃል ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም። በዚያ ላይ እርስዎ ሊነግሩኝ ሲደውሉ ዘጋሁብዎት።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይቅር ብዬዎታለሁ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። አሥራ አራት ዓመት የበላኝን ጥያቄ ጠየቅኩ። "ያን ቀን 'እና እርስዎንም' ብለው ነበር የተቋረጠው። ምን ሊሉ ነበር? ቢረግሙኝም ይንገሩኝ፣ ይገባኛል።"

"መርገም?" አሉ ገርሟቸው። "በጾሙ የእርስዎንም ስም አስገብተን ነበር ልልዎት ነው። የሬዲዮው ጋዜጠኛም ይመጣል፣ ልጁን በትክክል እንዲያይ ዓይኑን ክፈትለት ብለን ሦስቱንም ቀን ስምዎን እየጠራን ጸልየናል።" መጽሐፉን ዘግተው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። "እኔ ደግሞ ጸሎታችን አልተሰማም ብዬ ነበር። ይቀመጡ እንጂ።"

ተቀመጥኩ።